የትኛውን የሴሪ ኤ ዘመን ልይ? አምስት የውድድር ዘመኖች ተነጻጽረው

ሰኔ ሲገባ የአውሮፓ ሊጎች ይዘጋሉ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ዝናቡ ይጀምራል። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ኳስ የለመደ ሰው የሚያየው ያጣል። የዝውውር ወሬ ደግሞ ሁለት ቀን ካነበቡት ይበቃል። ለዚህ ጊዜ የምመክረው ነገር አለ። አንድ የድሮ የሴሪ ኤ (የጣሊያን ከፍተኛ ሊግ) የውድድር ዘመን መርጦ ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ማየት ነው።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ምርጫው ላይ ነው። የማራዶናን ቅንጭብ ይከፍታል፣ ከዚያ የሮናልዶን፣ ከዚያ የቶቲን። በሳምንቱ መጨረሻ ብዙ ጎል አይቷል፣ አንድም ታሪክ ግን አልተከታተለም። ሰው ቢጠይቅም መልሱ አይረዳውም። የጁቬንቱስ ደጋፊ ጁቬ ያሸነፈበትን፣ የሚላን ደጋፊ ሚላን ያሸነፈበትን ይነግረዋል።

እኔ የምለው፣ ዘመን የሚመረጠው ዋንጫውን ባነሳው ቡድን ስም አይደለም። “ማን ይወስደዋል?” የሚለው ጥያቄ እስከ ስንተኛው ሳምንት ሳይመለስ ቆየ? መልሱን ለማወቅስ ስንት ቡድን መከታተል ያስፈልጋል? ከሁሉም በፊት ይህን ጠይቁ። በዚህ ሚዛን አምስት ዘመኖችን መርጫለሁ፦ 1984/85፣ 1999/2000፣ 2001/02፣ 2009/10 እና 2024/25። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው ፉክክሩ ነው። የ2022/23ቱ ናፖሊ እጅግ የሚያምር ኳስ ተጫውቷል። ከ33 ዓመት በኋላ ስኩዴቶውን፣ ማለትም የሊጉን ሻምፒዮንነት፣ ወደ ከተማው መልሷል። ግን 90 ነጥብ ይዞ ከሁለተኛው ላዚዮ በ16 ነጥብ ርቆ ነው የጨረሰው። ጎሎቹን ማየት ደስ ይላል፤ ሳምንት በሳምንት ሲከተሉት ግን ልብ አይሰቅልም። ለዚህ ነው ከዝርዝሩ ያወጣሁት።

ሁለተኛው የሊጉ ስፋት ነው። ሁለት ጠንካራ ቡድን ብቻ ያለበት ዘመን ቶሎ ይሰለቻል። አሥረኛ ደረጃ ላይ ያለው ቡድን ውስጥ ሳይቀር የሚታይ ተጫዋች ሲኖር ነው እሁድ የሚሞላው።

ሦስተኛው አጨዋወቱ ነው። እስከ 1992 ድረስ ግብ ጠባቂ ጓደኛው በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጁ መያዝ ይችል ነበር። በዚህ የተነሳ ከዚያ በፊት የነበረው ጨዋታ ለዛሬ ተመልካች ይጎተታል። በጣሊያን ለአሸናፊ 3 ነጥብ መስጠት የተጀመረውም በ1994/95 ነው። ከዚያ በፊት ማሸነፍ 2 ነጥብ ስለነበር አቻ ያን ያህል አያስቆጭም ነበር። ይህን ሳያውቅ የ1980ዎቹን ሰንጠረዥ የሚያይ ሰው ይደናገራል።

የቀረው ወጪው ነው፤ ሰዓትና ዳታ። የአንድን ቡድን 38 ጨዋታ ሙሉውን ማየት 57 ሰዓት ይፈልጋል። በጥሩ ጥራት ከታየ አንድ ጨዋታ ብቻውን ከአንድ ጊጋባይት በላይ ይበላል። ስለዚህ ምስሉ በምን ያህል ጥራት እንደሚገኝና ዘመኑ በቅንጭብ ቢታይ ጣዕሙን ይጠብቅ እንደሆነ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

1984/85፦ ኤላስ ቬሮና

ቬሮና በሰሜን ጣሊያን ያለች መካከለኛ ከተማ ናት። ቡድኗ ኤላስ ቬሮና ከዚያ ዓመት በፊትም ሆነ በኋላ ስኩዴቶ አላነሳም። በዚያ ዘመን አንድ ክለብ ማሰለፍ የሚችለው ሁለት የውጭ ተጫዋች ብቻ ነበር። በሊጉ የነበሩትን ግን ተመልከቱ። ናፖሊ ማራዶናን በዚያው ክረምት አስፈርሟል። ፕላቲኒ ጁቬንቱስ፣ ዚኮ ኡዲኔዜ፣ ሶቅራጥስ ፊዮረንቲና፣ ፋልካኦ ሮማ፣ ሩመኒገ ኢንተር ነበሩ። የቬሮና ሁለቱ የውጭ ተጫዋቾች ጀርመናዊው ሃንስ ፒተር ብሪገልና ዴንማርካዊው ፕሬበን ኤልክየር ናቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት ጨዋታ ራሱ ለብቻው ይታያል። ማራዶና በሴሪ ኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው እዚያው ቬሮና ላይ ነው። አሰልጣኝ ኦስቫልዶ ባኞሊ ብሪገልን ለጠፉበት። ብሪገል ማራዶናን ይዞ ዋለ፤ አልፎም ጎል አስቆጠረ። ቬሮና 3 ለ 1 አሸነፈ።

በጥቅምት ጁቬንቱስ መጣ። ኤልክየር ኳስ ይዞ በግራ በኩል ሲገባ ተከላካዩ ተንሸራቶ ገባበትና የቀኝ እግሩ ጫማ ወለቀ። ኤልክየር አልቆመም። በካልሲው ሮጠና በዚያው ጫማ በሌለው እግሩ መትቶ አስቆጠረ። ይህን ጎል ቢያንስ ሦስት ጊዜ እዩት። መጀመሪያ ኳሱን፣ ቀጥሎ እግሩን፣ በመጨረሻ የተከላካዮቹን አቋቋም።

ግብ ጠባቂው ክላውዲዮ ጋሬላም ሌላ ትዕይንት ነው። ኳስ በእጁ ከሚያድነው ባልተናነሰ በእግሩ ያድናል። በየካቲት ከሜዳቸው ውጪ ኡዲኔዜን 5 ለ 3 ያሸነፉበትን ጨዋታም አትለፉት። 3 ለ 0 መርተው 3 ለ 3 ከሆኑ በኋላ ነው እንደገና የተነሱት።

ዋንጫውን ያረጋገጡት አንድ ጨዋታ ሲቀር፣ ቤርጋሞ ላይ ከአታላንታ 1 አቻ ወጥተው ነው። የአቻነቷን ጎል ያገባው ኤልክየር ነው። በ30 ጨዋታ የተሸነፉት ሁለቱን ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ዳኞች ለጨዋታ የሚመደቡት በዕጣ እንደነበር ጣሊያኖች ዛሬም ያነሱታል።

ድክመቱ ምስሉ ነው። የሊግ ጨዋታ በጣሊያን ቴሌቪዥን በቀጥታ መተላለፍ የጀመረው በ1993 ስለሆነ ከዚህ ዘመን የሚገኘው በአብዛኛው አጭር ቅንጭብ ነው። ጥራቱም የዘመኑ ነው። ለዳታ ግን ይህ ጥቅም ነው፤ ዘመኑን በሁለት ቀን መጨረስ ይቻላል።

1999/2000፦ ላዚዮና የፔሩጃ ዝናብ

በዚያን ጊዜ ጣሊያኖች ስለ “ሰባቱ እህትማማቾች” ያወሩ ነበር። ጁቬንቱስ፣ ሚላን፣ ኢንተር፣ ላዚዮ፣ ሮማ፣ ፓርማና ፊዮረንቲና። ሰባቱም ዋንጫ አነሳለሁ ብለው ሊጉን የሚጀምሩ ነበሩ። የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ የሚላኑ ሼቭቼንኮ በ24 ጎል ነው፤ ባቲስቱታ ደግሞ በፊዮረንቲና 23 አስቆጥሯል።

የላዚዮን አሰላለፍ ብቻ አንብቡ። ከኋላ ኔስታና ሚሃይሎቪች። መሀል ላይ ሁዋን ሴባስቲያን ቬሮን፣ ዲዬጎ ሲሜዮኔ፣ አልሜይዳ፣ ኔድቬድ። ከፊት ሳላስ፣ ቦክሲች፣ ማንቺኒ፣ ሲሞኔ ኢንዛጊ። አሰልጣኙ ስቬን ጎራን ኤሪክሰን። የክለቡ መቶኛ ዓመትም ነበር። በዚህ ቡድን ላይ የፈሰሰው ገንዘብ በኋላ ክለቡን ዕዳ ውስጥ እንደከተተው የሚያውቅ ሰው ጨዋታውን የሚያየው በሌላ ስሜት ነው።

ይህን ዘመን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ካላያችሁ ብዙ አይጎድልባችሁም። ዋናው ታሪክ ያለው በመጨረሻዎቹ ስምንት ሳምንታት ነው። ስምንት ጨዋታ ሲቀር ጁቬንቱስ በ9 ነጥብ ይመራ ነበር። “አለቀ” ያላለ ሰው አልነበረም። በቀጣዩ ሳምንት ጁቬ በሚላን ተሸነፈ፣ ላዚዮ የከተማ ደርቢውን ሮማን 2 ለ 1 አሸነፈ። ልዩነቱ 6 ሆነ። በዚያ ላይ ላዚዮ ቱሪን ድረስ ሄዶ ሲሜዮኔ በግንባሩ ገጭቶ ባስቆጠራት አንድ ጎል ጁቬን ረታ። ሦስት ነጥብ ብቻ ቀረ።

አንድ ጨዋታ ሲቀር ጁቬንቱስ ፓርማን 1 ለ 0 ይመራ ነበር። ፋቢዮ ካናቫሮ በመጨረሻ ደቂቃ ያስቆጠራትን ጎል ዳኛው ሻረባት። አገር ተናወጠ። የላዚዮ ደጋፊዎች አደባባይ ወጡ። ይህን ሁሉ ይዛችሁ ነው ወደ ግንቦት 14 የምትገቡት።

ጁቬ በሁለት ነጥብ ቀድሞ ፔሩጃ ሄደ። ላዚዮ በሜዳው ሬጂናን ገጠመ። ለዕረፍት ሲወጡ ፔሩጃ ላይ የጣለው ዝናብ ሌላ ነበር። ሜዳው ሐይቅ ሆነ። ዳኛው ፒየርሉዊጂ ኮሊና ጃንጥላ ይዞ ወጣ፣ ኳሱን ውሃው ላይ ጥሎ ሞከረ፤ ኳሱ አልነጠረም። ከአንድ ሰዓት በላይ ተጠበቀ። በዚህ መሀል ሮም ላይ ላዚዮ 3 ለ 0 አሸንፎ ጨርሷል። ደጋፊው ሜዳ ውስጥ ገብቶ ሬዲዮ በጆሮው ለጥፎ ይጠብቃል። ጨዋታው ሲቀጥል ብዙም ሳይቆይ የፔሩጃው ተከላካይ አሌሳንድሮ ካሎሪ አስቆጠረ። ጁቬ መመለስ አልቻለም። ላዚዮ 72፣ ጁቬንቱስ 71።

ምስሉ ጥሩ ነው፤ የመጨረሻው ቀን ሙሉ ቅጂም በብዙ ቦታ ይገኛል። ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላየሁም። ስምንት ሳምንት፣ በየሳምንቱ ሁለት ቅንጭብ፤ የመጨረሻዋን ቀን ብቻ ሙሉውን።

2001/02፦ ሦስት ቡድን፣ አንድ ከሰዓት

አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው። ምክንያቱም ሁሉንም መመዘኛ በአንድ ላይ ያሟላል።

ከዝውውሩ እንጀምር። ጁቬንቱስ በ2001 ክረምት ዚዳንን ለሪያል ማድሪድ ሸጠ። በገንዘቡ ቡፎንን፣ ቱራምንና ኔድቬድን አመጣ። አሰልጣኙ ማርቼሎ ሊፒ ተመልሷል። ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ የጀመረው ሮማ በፋቢዮ ካፔሎ ሥር ቶቲ፣ ባቲስቱታ፣ ካፉና ወጣቱ ካሳኖ አሉት። ኢንተር ከ1989 ወዲህ ስኩዴቶ አላየም። ሮናልዶ ከረጅም ጉዳት ተመልሷል፣ ቪዬሪ ጎል ያዘንባል፣ አሰልጣኙ ሄክቶር ኩፐር ነው። ሚላን ላይ ኖቬምበር ውስጥ አንቸሎቲ መጣ። ብሬሺያን የመሰለ ትንሽ ክለብ ውስጥ እንኳ ሮቤርቶ ባጆና ፔፕ ጓርዲዮላ አብረው ነበሩ።

በዚህ ላይ ኪየቮን ጨምሩ። ኪየቮ የቬሮና ከተማ አንድ ሰፈር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሴሪ ኤ ያደገው በዚያ ዓመት ነው። የትልቁ ቬሮና ደጋፊዎች ቀድሞ “ኪየቮ ሴሪ ኤ የሚገባው አህያ ሲበር ነው” ይሉ ነበር። የሰፈሩ ቡድን በጂጂ ዴልኔሪ እየተመራ መጀመሪያ ላይ ሰንጠረዡን ለሳምንታት መራ፤ በመጨረሻም አምስተኛ ሆነ። ሁለት ክንፍ ላይ የሚሮጡ ልጆች፣ ከፊት የሚጫን ተከላካይ መስመር። አጨዋወታቸው ለዛሬ ዓይን አዲስ ነው ቢባል ያስኬዳል። በዚያው ዓመት ትልቁ ቬሮና ወረደ።

የባጆን ታሪክም በጎን ተከታተሉት። በጥር ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። በ35 ዓመቱ የሚመለስ ያልመሰለው ብዙ ነበር። ሊጉ ሳያልቅ ተመለሰ፣ በተመለሰበት ጨዋታም ፊዮረንቲና ላይ ሁለት አስቆጠረ። ፊዮረንቲና በዚያ ዓመት ወርዶ፣ በክረምቱ ኪሳራ ታውጆበት ከፕሮፌሽናል እግር ኳስ ወጣ። ከሁለት ዓመት በፊት ከሰባቱ እህትማማቾች አንዱ ነበር።

አሁን ወደ ዋንጫው። አምስት ጨዋታ ሲቀር ኢንተር ከጁቬ በ6 ነጥብ ይርቅ ነበር። ከዚያ በሜዳው በአታላንታ ተሸነፈ። ኤፕሪል 21 ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ከሰዓት ሆነ። ኢንተር ኪየቮን 2 ለ 1 እየመራ ወደ ማለቂያው ደርሶ ነበር፤ የኪየቮው ኮሳቶ አቻ አደረጋቸው። ፒያቼንዛ ላይ ጁቬ 0 ለ 0 ሊወጣ ሲል ኔድቬድ አስቆጠረ። እነዚህን ሁለት ጎሎች ተከታትላችሁ እዩ። ዋንጫው የተገለበጠው በእነዚያ ደቂቃዎች ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው የሚያስታውሰው ግን ሜይ 5ን ነው።

ሜይ 5 ቀን ሲገባ ኢንተር 69፣ ጁቬንቱስ 68፣ ሮማ 67 ነበሩ። ኢንተር በሮም ኦሊምፒኮ ከላዚዮ ጋር ነው። የላዚዮ ደጋፊ የከተማው ተቀናቃኝ ሮማ ዋንጫ እንዳያነሳ ኢንተር ቢያሸንፍለት ደስ ይለዋል። ስታዲየሙ ሙሉ ለእንግዳው ቡድን ይጮኻል።

ጁቬ ኡዲኔ ላይ በ11 ደቂቃ ውስጥ በትሬዜጌና በዴል ፒዬሮ 2 ለ 0 መራ። ስለዚህ ኢንተር ማሸነፍ ግድ ሆነበት። ቪዬሪ አስቆጠረ። የላዚዮው ካሬል ፖቦርስኪ አቻ አደረገ። ዲ ቢያጆ ኢንተርን መልሶ አስመራ። ዕረፍት ሊወጡ ሲሉ የኢንተሩ ተከላካይ ግሬሽኮ በግንባሩ ወደ ግብ ጠባቂው ሊመልሳት የሞከራት ኳስ አጠረች። ፖቦርስኪ መሀል ገብቶ 2 ለ 2 አደረጋት። ከዕረፍት በኋላ ሲሜዮኔ ሦስተኛውን አገባ። የቀድሞ ክለቡ ላይ ስለሆነ አልጨፈረም። አራተኛው የሲሞኔ ኢንዛጊ ነው። ላዚዮ 4፣ ኢንተር 2።

ሮናልዶ ተቀይሮ ወጥቶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ከሁለት ወር በኋላ ለብራዚል የዓለም ዋንጫን አነሳ፤ ከዚያ ለኢንተር አልተጫወተም፣ ማድሪድ ሄደ። ሮማ ቶሪኖን 1 ለ 0 አሸንፎ ሁለተኛ ሆነ። የመጨረሻው ሰንጠረዥ ጁቬ 71፣ ሮማ 70፣ ኢንተር 69 ይላል። መሪ የነበረው ሦስተኛ ሆነ።

ድክመት ካለው ርዝመቱ ነው። ሦስት ቡድንና ኪየቮን በደንብ ለመከተል ጊዜ ይፈልጋል። ቅንጭቡን ብቻ ብታዩም በሳምንት ከሦስት እስከ አራት ጨዋታ ነው።

2009/10፦ ኢንተርና ሮማ

የሊጉ ስፋት በዚህ ዘመን ቀንሷል። ሰባት የሚባል ነገር የለም፤ ሁለት ናቸው። የሁለቱ ታሪክ ግን ጠንካራ ነው።

የጆዜ ሞሪንሆ ኢንተር ዛኔቲ፣ ማይኮን፣ ሉሲዮ፣ ሳሙኤል፣ ካምቢያሶ፣ ስናይደር፣ ኤቶና ሚሊቶ ነበሩት። በሁለተኛው ሳምንት ሚላንን 4 ለ 0 ገረፈ። ሮማ በተቃራኒው ሁለት ጨዋታ ተሸንፎ አሰልጣኝ ቀየረ። ክላውዲዮ ራኒዬሪ መጣ። ሮማ በአንድ ወቅት ከኢንተር በ14 ነጥብ ወደኋላ ቀርቶ ነበር፤ ከዚያ በሊጉ 24 ጨዋታ ሳይሸነፍ ሄደ። በኤፕሪል ኢንተርን አልፎ መሪ ሆነ።

በዚያው ወር የተካሄደውን የሮም ደርቢ እዩ። ሮማ 1 ለ 0 እየተመራ ለዕረፍት ወጣ። ራኒዬሪ የከተማውን ሁለት ልጆች፣ ቶቲንና ዴ ሮሲን፣ አንድ ላይ ቀየራቸው። ሮም ላይ እንዲህ ያለ ውሳኔ ለመወሰን ልብ ይጠይቃል። ላዚዮ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ቩቺኒች ሁለት አገባ፣ ሮማ 2 ለ 1 አሸነፈ። በሳምንቱ ደግሞ በሜዳው በሳምፕዶሪያ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ሁለቱንም ፓዚኒ አስቆጠራቸው። ዋንጫው እዚያ ላይ አመለጠ። በማግስቱ ሳምንት ላዚዮ በሜዳው ለኢንተር ሲሸነፍ የገዛ ደጋፊው ደስታውን አልደበቀም።

የመጨረሻው ቀን ዕረፍት ላይ ሮማ ከላይ ነበር። ሲየና ላይ በ57ኛው ደቂቃ ሚሊቶ አስቆጠረ፣ አለቀ። 82 ለ 80። ሚሊቶ በዚያ ወር የኢጣሊያ ዋንጫን ፍጻሜ፣ የሊጉን የመጨረሻ ጨዋታና የሻምፒዮንስ ሊጉን ፍጻሜ በጎሉ ወስኗል። ሻምፒዮንስ ሊጉን ጨምራችሁ ካላያችሁት ግን ይህ ዘመን ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ ወጪው ከፍ ይላል።

2024/25፦ ናፖሊ በአንድ ነጥብ

ለጀማሪ የሚመቸው ይህ ነው። ምስሉ እንደ ትናንት ነው፣ ተጫዋቾቹ ዛሬም ይጫወታሉ። የፕሪሚየር ሊግ ሰው ከሆናችሁ ፊቶቹን ታውቋቸዋላችሁ። ስኮት ማክቶሚናይ ከማንቸስተር ዩናይትድ፣ ቢሊ ጊልሞር ከብራይተን፣ ሉካኩ ከቼልሲ የመጡት በዚያው ክረምት ነው።

ናፖሊ የቀደመውን ዓመት አሥረኛ ሆኖ ስለጨረሰ አውሮፓ ላይ አልተጫወተም። አንቶኒዮ ኮንቴ ሳምንቱን ሙሉ ለአንድ ጨዋታ ያዘጋጃል። የመጀመሪያውን ጨዋታ በቬሮና 3 ለ 0 ተሸንፎ የጀመረ ቡድን ነው። በጥር ክቫራትስኬሊያን ለፓሪስ ሸጠ። እንደዚያም ሆኖ ጸና። ኢንተር በበኩሉ እስከ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሄደ፤ ድካሙ ኤፕሪል ላይ ታየበት። በቦሎኛ በባከነ ሰዓት፣ ከዚያ በሜዳው በሮማ ተሸነፈ።

ሁለቱ በ37ኛው ሳምንት በአንድ ሰዓት የተጫወቱትን ጎን ለጎን እዩ። ናፖሊ ፓርማ ላይ ጎል አጣ። ኢንተር ላዚዮን 2 ለ 1 እየመራ ለጥቂት ደቂቃ ከላይ ተቀመጠ። ፔድሮ በ90ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ። በማጠቃለያው ማክቶሚናይ ካልያሪ ላይ በመቀስ ምት ያገባት ጎል ናፖሊን አስጨፈረች። 82 ለ 81። ኮንቴም በሦስት የተለያዩ ክለቦች ስኩዴቶ ያነሳ የመጀመሪያው አሰልጣኝ ሆነ።

ናፖሊ ብዙ ጊዜ 1 ለ 0 ይዞ የሚዘጋ ቡድን መሆኑን ግን እወቁ። ጎል የሚወድ ሰው ሊሰለቸው ይችላል።

በሰንጠረዥ

| ዘመን | ሻምፒዮን | ነጥብ ከሁለተኛው ጋር | የተወሰነው | የሊጉ ስፋት | ምስል | የሚፈልገው ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| 1984/85 | ቬሮና | 43 ለ 39 (ቶሪኖ) | 1 ጨዋታ ሲቀር | በጣም ሰፊ | ደካማ፣ በአብዛኛው ቅንጭብ | ትንሽ |
| 1999/2000 | ላዚዮ | 72 ለ 71 (ጁቬንቱስ) | የመጨረሻ ቀን | በጣም ሰፊ | ጥሩ | ትንሽ፣ ከመጨረሻዎቹ 8 ሳምንታት ከተጀመረ |
| 2001/02 | ጁቬንቱስ | 71 ለ 70 (ሮማ) | የመጨረሻ ቀን፣ በሦስት ቡድን መካከል | በጣም ሰፊ | ጥሩ | ብዙ |
| 2009/10 | ኢንተር | 82 ለ 80 (ሮማ) | የመጨረሻ ቀን | ጠባብ | በጣም ጥሩ | ብዙ፣ ከሻምፒዮንስ ሊጉ ጋር |
| 2024/25 | ናፖሊ | 82 ለ 81 (ኢንተር) | የመጨረሻ ቀን | መካከለኛ | እጅግ ጥሩ | መካከለኛ |

ለማን የትኛው?

ዳታ በጥቅል እየገዛችሁ የምታዩ ከሆነ 1999/2000ን ያዙ። ሴሪ ኤ ራሱ በዩቲዩብ ገጹ የድሮ ጨዋታ ቅንጭብ ያወጣል። ጥራቱን ዝቅ አድርጋችሁ ብታዩትም ዝናቡ አይጠፋችሁም።

ሙሉ ክረምት ነጻ ከሆናችሁ፣ ዋይፋይም ካለ፣ 2001/02ን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩት። የጣሊያንን ሊግ ጨርሶ አይታችሁ ለማታውቁ 2024/25 ይቅደም፤ ከዚያ ወደኋላ ተመለሱ። የአሰልጣኝ ውሳኔ የሚማርካችሁ 2009/10ን ውሰዱ። ትንሽ ቡድን ትልቁን ሲጥል ማየት የምትወዱ፣ ወይም ከልጆች ጋር የምታዩ፣ ቬሮናን። ልጆች የጫማውን ጎል አይረሱትም።

አምስቱንም ለጨረሰ ሰው ተጠባባቂ አለኝ፤ 2017/18። የማውሪሲዮ ሳሪ ናፖሊ 91 ነጥብ ይዞ በጁቬንቱስ 95 ተበልጧል። ካሊዱ ኩሊባሊ ቱሪን ላይ በ90ኛው ደቂቃ በግንባሩ ሲያስቆጥር ልዩነቱ አንድ ነጥብ ቀርቶ ነበር። በሳምንቱ ጁቬ ኢንተርን ከኋላ ተነስቶ 3 ለ 2 አሸነፈ፤ በማግስቱ ናፖሊ ፊዮረንቲና ላይ በ8ኛው ደቂቃ ኩሊባሊን በቀይ ካርድ አጥቶ 3 ለ 0 ተሸነፈ። ሦስቱንም ያገባው ጆቫኒ ሲሜዮኔ ነው፤ የዲዬጎ ልጅ። የቀሩት የዚያ ዓመት ጨዋታዎች ብዙም አያስፈልጓችሁም።

አንድ ምክር ደግሞ ለሁሉም። የመጨረሻውን ቀን ከማየታችሁ በፊት ያለፈውን ሳምንት ሰንጠረዥ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሜይ 5 2002ን ስታዩ 69፣ 68፣ 67 ብላችሁ አስቀምጡና በየጎሉ ነጥቡን እያስተካከላችሁ ሂዱ። ኡዲኔንና ኦሊምፒኮን በሁለት ስልክ በአንድ ሰዓት ብታስጀምሩ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።